ወደ ጎን የሄደው ቅጠል

ቅጠል ሲራመድ ያየሁት ግማሽ ፊቴን ተላጭቼ፣ ሌላው ግማሽ ላይ ሳሙና እንደተቀባ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ "ምን ዓይነት ሰው ነው በዚህ መልክ ከቤቱ የሚወጣ?" ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ ነው። አልሰከርኩም። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም። ዘመኑ ግን ደርግ ነበር፤ በዚያ ዘመን የሚራመድ ቅጠል አይቶ ፂሙን ተረጋግቶ የሚጨርስ ሰው ቢኖር እኔ እሱን ራሱን ነበር የምጠረጥረው።

የምኖረው ልደታ፣ ወደ ጠመንጃ ያዥ በሚያወጣው ጠባብ መንገድ ዳር፣ በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበር። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ፋይሉን ፈልጎ ማስገባት፤ ይኸው ነው። ቀላል የሚመስለው ላልሠራበት ሰው ነው። ፋይል ያጣ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ካለ ምሳ አይወርድልኝም። "ልዩ ልዩ" የሚባለውን ፋይል ደግሞ ከልቤ እጠላዋለሁ፤ ሰነፍ ሠራተኛ ያልገባውን ሁሉ የሚወሽቅበት ነው። በዚህ ላይ ተጠራጣሪ ነኝ። ሻይ ቤት ገብቼ ወንበሩ ሞቅ ብሎ ከጠበቀኝ ማን ተቀምጦበት እንደነበር ሳላጣራ አልቀመጥም። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሰላም ካለኝ "ለምን ደገመ?" ስል እውላለሁ። በሌላ ዘመን እንዲህ ያለ አመል ሚስት ያሳጣል፤ እኔንም አሳጥቶኛል። ያኔ ግን "ንቃት" ይባል ስለነበር በስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ ተመስግኜበታለሁ።

እኔንና ጎረቤቴን እትዬ ዘሪቱን የሚለየን አንድ የዛገ የቆርቆሮ አጥር ነው። እሳቸው ግቢ ያለው የሎሚ ዛፍ ቅርንጫፉን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ወደ እኔ ዘንበል ብሏል። መስታወቴን አጥሩ ላይ ሚስማር መትቼ ሰቅዬ፣ በሎሚው ጥላ ሥር ነው የምላጨው። እና በመስታወቱ ውስጥ፣ ከጆሮዬ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንድ ቅጠል ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደ።

ነፋስ አልነበረም። ቢኖርም ቅጠል ወደ ታች ይወድቃል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም፤ ያን ያህል ሳይንስ አውቃለሁ። ዞር ብዬ አፈጠጥኩ። ሁሉም ቅጠል ነው። ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ላዩ ላይ የቅጠል መስመር ያለው። ፊቴን ሳስጠጋ አንደኛው ቀስ ብሎ ከእንጨቱ ጀርባ ዞረ። እኔም ዞርኩ። እሱም ዞረ። ስመለስ ተመለሰ። እንዲህ የሚያደርግ ፍጥረት የማውቀው አንድ ብቻ ነበር፤ ከኋላችሁ እየመጣ ዞር ስትሉ ጋዜጣ የሚዘረጋ ሰው።

"ምን አገኘህ?" የሚል ድምፅ ከጀርባዬ ሰማሁ።

ጋሽ ጌታሁን ናቸው። ከእኔ ፊት ለፊት ባለው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሱሪ ሲያሳጥሩ የሚውሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። በእኔ ግምት ሱሪ ማሳጠሩ ሽፋን ነው፤ ልደታ ውስጥ ያን ያህል ረጅም ሱሪ የለም። የሰፈሩን ወጪና ገቢ ሁሉ ያያሉ። ያዩትን ለማን እንደሚነግሩ ግን አይታወቅም። ስለማይታወቅ ለቀበሌ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

"ምንም" አልኳቸው።

በዚያን ጊዜ ከ"ምንም" የበለጠ የሚያስጠረጥር መልስ አልነበረም። ጋሽ ጌታሁን መቀሳቸውን እንደያዙ መጥተው ቅርንጫፉን ገለበጡት። ከሥሩ ነጭ ነገር ተለጥፎበታል፤ የተነደፈ ጥጥ የመሰለ፣ ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀር። በነጩ መሀል ደግሞ ከኋላቸው ነጭ ክር ያንጠለጠሉ ጥቃቅን ነገሮች እየተፈናጠሩ ይዘላሉ።

"ዱቄት ነው" አሉ ጋሽ ጌታሁን።

"መርዝ ነው" አልኩ እኔ።

"ማን አድርጎት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

እሳቸው እኔን አዩኝ፣ እኔም እሳቸውን። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር። ያየውን ቀድሞ ያመለከተ ምስክር ይሆናል፤ ዘግይቶ ያመለከተ ደግሞ ለምን እንደዘገየ ይጠየቃል።

"እስቲ ዳቦ ልግዛ" አሉ።

"እኔም ዳቦ አልቆብኛል" አልኩ።

ጎን ለጎን ወጣን። ዳቦ ቤቱን ሁለታችንም ቀና ብለን ሳናየው አለፍነው። እሳቸው እርምጃቸውን ጨመር አደረጉ፤ እኔም ጨመርኩ። ሰው ሰላም ሲለን ባንገታችን እየመለስን እንገሰግሳለን። ማጠፊያው ላይ "ጫማዬን ልሰር፣ ይቅደሙ" ብዬ ቀረሁና በጓሮ በኩል ባለው ቅያስ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ቀበሌ ስደርስ ሳሙናው ደርቆ ግማሽ ፊቴን ጨምድዶ ይዞታል። ግን አንደኛ ወጥቻለሁ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተካልኝ ከአብዮቱ በፊት ሰንጋ ተራ ሥጋ ቤት ነበራቸው። እንስሳን ሁሉ ለሁለት ከፍለው ነው የሚያውቁት፤ የሚበላና የማይበላ።

"ይበላል?" አሉኝ፣ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ።

"አይመስለኝም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"እንግዲያው ጠላት ነው። ሙላ" ብለው ቅጽ ሰጡኝ።

ቅጹ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚያድር ሰው የሚመዘገብበት ነው። ያኔ አክስታችሁ እንኳ ከገጠር መጥታ አንድ ቀን ብታድር ለቀበሌ ማስመዝገብ ግዴታ ነበር። ሌላው ቅጽ ሁሉ አልቆ የቀረው እሱ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቅጽ ሳይ ራሴን አላውቅም፤ ባዶ ቦታ አይቶ ማለፍ አልችልም። ሙሉ ስም፦ ያልታወቀ። ጾታ፦ በመጣራት ላይ። ሥራ፦ ቅጠል መምሰል። የመጣበት ምክንያት፦ አጠራጣሪ። መጨረሻው ላይ "ያሳደረው ሰው ስም" የሚል አለ። ምንም ሳላመነታ "ወይዘሮ ዘሪቱ" ብዬ ጻፍኩና ያቺን ቄንጠኛ ፊርማዬን አሳረፍኩበት።

ጓድ ተካልኝ አነበቡት። "ስለዚህ ወይዘሮ ዘሪቱ ቅጠል መስሎ የገባ ሰርጎ ገብ ሳያስመዘግቡ አሳድረዋል።"

"እንደሱ ለማለት እንኳ አይደለም፣ ጓድ..."

"ፈርመሃል። ሰርጎ ገብ የሚጠፋው ከነመደበቂያው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ፣ ከስብሰባው በኋላ፣ ሕዝቡ ለልማት ሲወጣ ዛፉ ተቆርጦ ይቃጠላል። አይ ካልክ ምን እንደሆነ የሚገልጽ የባለሙያ ወረቀት ይዘህ ና።"

በዚህ መሀል ጋሽ ጌታሁን እያለከለኩ ገቡ። ከነመቀሳቸው ሁለተኛ ምስክር ተብለው ተመዘገቡ።

ስለ ዛፉ እስካሁን ያልነገርኳችሁ አፍሬ ነው። ዛፉን የተከለው የእትዬ ዘሪቱ አንድ ልጅ፣ ደረጀ ነው፤ ተማሪ ሳለ ችግኙን ከትምህርት ቤት አምጥቶ። ያን ጊዜ ደረጀ ብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሰሜን ነበር። እትዬ ዘሪቱ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ደብዳቤ ሲልኩለት ከወረቀቱ ጋር አንዲት የሎሚ ቅጠል ያስገቡበታል፤ "ሌላውን ማንም ይጽፈዋል፣ ይህቺን ሲያሸት ግን እኔ መሆኔን ያውቃል" ይላሉ። ደብዳቤውን የሚጽፍላቸው ማን እንደሆነ ሳትገምቱ አትቀሩም። ቅጠሏንም ፖስታው ውስጥ የማስገባት እኔ ነኝ። የከሰስኩትም ያንኑ ዛፍ ነው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ነበር። እትዬ ዘሪቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው "ልጄ፣ ዛፏ ምን አደረገችህ?" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ በምን ዕድሌ። በዚያ የለሰለሰ ድምፃቸው አንጀቴን ነው የበሉት።

"እኔ አስተካክለዋለሁ፣ እትዬ። አይስጉ" አልኳቸው። እንዴት እንደማስተካክለው ግን ፈጽሞ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ አንዱን ቅጠል መሳይ በብዙ መከራ ይዤ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኩት። ወደ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ፣ የነፍሳት ባለሙያ አለ ወደተባለ መሥሪያ ቤት በእግሬ ሄድኩ። በሩ ላይ ዘበኛው ኪሴን ዳሰሰና "ይሄ ምንድነው?" አለኝ።

"ክብሪት።"

"ክፈተው።"

"አይከፈትም፣ ይዘላል።"

ዘበኛው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እጄን ወደ ላይ አድርጌ ስለ ቅጠል፣ ስለ ሎሚ፣ ስለ ቀበሌ ለፈለፍኩ። በመጨረሻ ቀፎውን መሬት ላይ አስቀምጬ እንድርቅ አዘዘኝና በርከክ ብሎ ጆሮውን ደቀነ። የፈንጂ ሰዓት እንደሌለው ካረጋገጠ በኋላ አሳለፈኝ።

ባለሙያው አቶ ፍሬው የሚባሉ፣ ነጭ ጋውን የለበሱ ደቃቃ ሰው ናቸው። መጀመሪያ በሩን ዘጉ። ከዚያ መስኮቱን። ከዚያ "ማን ላከህ?" አሉኝ። አምሳያዬን ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ቀፎውን ሲከፍቱ ግን ጉዱ ፈላ፤ ያ ነገር ተስፈንጥሮ መስኮቱ ሥር በማሰሮ የተተከለች ተክል ላይ አረፈና ቅጠል ሆኖ ቁጭ። ሁለት ሙሉ ሰዎች ተንበርክከን እያንዳንዷን ቅጠል በጣታችን መነካካት ጀመርን። አሥራ ሰባቷ ቅጠል ነበሩ። አሥራ ስምንተኛዋ ዘለለች።

ጠርሙስ ውስጥ ካስገቧት በኋላ አቶ ፍሬው አጉሊ መነጽራቸውን አንስተው አዩና ሌላ ሰው ሆኑ። ጥርጣሬያቸው ሁሉ ለቀቃቸው።

"እግሩን ቁጠር። ስድስት። ስለዚህ ሸረሪት አይደለም፣ ነፍሳት ነው። አፉን እየው፤ እንደ መርፌ ነው፣ የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣል እንጂ አያኝክም። አንበጣ ያኝካል። ስለዚህ ቢዘልም የአንበጣ ዘመድ አይደለም። ክንፉ ሰፊ ነው፣ ግን እንደ ቢራቢሮ ብናኝ የለበሰ አይደለም። ዘመዶቹ ቆላ አገር ዛፍ ላይ ሆነው ቀኑን ሙሉ የሚጮኹት ናቸው፣ ጎመን ላይ የሚፈሉት ጥቃቅን አረንጓዴዎችም አሉ። ራቅ ሲል ደግሞ ትኋን።"

"ትኋን?" አልኩ። ከትኋን ጋር የሃያ ዓመት ትውውቅ አለኝ። "ትኋን ቅጠል አይመስልም!"

"የሩቅ ዘመድ ነው ያልኩህ። መርፌ አፉ ነው የሚያዛምዳቸው። ይሄኛው ቤተሰብ በላቲን ፍላቲዴ ይባላል። ክንፋቸውን እንደ ቤት ክዳን አቁመው ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጡ ወፍ እንኳ ይሸወዳል። ነጩ ነገር ሰም ነው፤ ልጆቹ ናቸው ከጀርባቸው የሚያወጡት። መርዝም አይደለም፣ ዱቄትም አይደለም።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሐሳቡን እዩት! ፍጥረት ሁሉ በፋይል ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ትልቁ ፋይል ውስጥ ትንሽ ፋይል፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ፤ እያንዳንዱ ተባይ ቦታ ቦታውን ይዞ። አምላክ መዝገብ ቤት ሠርቶ እንደሚያውቅ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ።

"የመጨረሻ ስሙስ?" አልኩ እየጓጓሁ። "የራሱ የብቻው ስም?"

አቶ ፍሬው አንድ መሳቢያ ስበው ተመለከቱ፣ ሌላ ሳቡ፣ ራሳቸውን አከኩ። "እሱን እኔ አላውቅም። እንዲህ ያሉት ተለይተው አላለቁም። እዚህ ነው የምናስቀምጣቸው" ብለው አንድ የካርቶን ሣጥን አሳዩኝ። ሣጥኑ ላይ "ልዩ ልዩ" ተብሎ ተጽፏል። ደስታዬ ሁሉ እንደ ጉም በነነ።

"ይሁን፣ ዛፉን ይገድለዋል?"

"የጠና ዛፍ አይገድልም።"

"እንግዲያው እሱን ይጻፉልኝ።"

በዚህን ጊዜ ጥርጣሬያቸው ተመልሶ መጣ። አይገድልም ብለው ጽፈው ነገ የሆነ ሰው ዛፍ ቢደርቅ በማን ሊመጣ ነው? ይገድላል ብለው ቢጽፉ ደግሞ ስንት ዛፍ ሊቆረጥ ነው? ብዙ አሰቡ፣ ጻፉ፣ ቀደዱ፣ እንደገና ጻፉ። በመጨረሻ የሰጡኝ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ "የቀረበው ነፍሳት ቤተሰቡ ፍላቲዴ ሲሆን፣ ማንነቱ በትክክል ያልታወቀ በመሆኑ ናሙናው ለተጨማሪ ማጣራት ወደ ውጭ አገር ቢላክ መልካም ነው።"

አንብቤ ሳልጨርስ ላብ አጠመቀኝ። ጓድ ተካልኝማ በማግስቱ ሲያነቡት ከወንበራቸው ተነሱ።

"ፍላቲዴ ማን ነው? ጣሊያን ነው?"

"ላቲን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ማንነቱ ያልታወቀ፣ ከውጭ አገር ጋር ግንኙነት ያለው! አንተ ራስህ ነህ ይዘህልኝ የመጣኸው።" ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ዛፉ እሑድ ይቆረጣል። የሚያስቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥቆማውን የሰጠኸው አንተ ነህ፤ በስብሰባው ላይ ወጥተህ ግለ ሂስ ታደርጋለህ። ያየሁት ቅጠል ነበር ትላለህ። ያን ካልክ ደግሞ የሐሰት ጥቆማ ሰጥተሃልና ለመሥሪያ ቤትህ ይጻፋል። እንደገና ዋሽተህ ከተገኘህ ግን ወደዚያ ነህ" አሉና በአገጫቸው ከአዳራሹ ጀርባ ያለችውን የቀበሌ እስር ቤት አመለከቱኝ።

ቅዳሜን እንዴት እንደዋልኩ አትጠይቁኝ። ደብዳቤው ከመጣ ፋይሌ ውስጥ የማስገባው እኔው ነኝ። እስሩን ደግሞ እፈራለሁ፤ ጀግና ነኝ ብያችሁ አላውቅም። "ዛፍ ነው፣ ሌላ ይበቅላል" ብዬም ነበር፣ ልዋሻችሁ አልችልም። እሑድ ጠዋት እትዬ ዘሪቱን ይቅርታ ልጠይቅ አጥሩ ጋ ሄጄ ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጌ አንገቴን ብቅ አደረግኩ። ዛፏን ውሃ እያጠጡ ነበር፤ ከሰዓታት በኋላ የምትቆረጠዋን ዛፍ፣ በጣሳ፣ ቀስ አድርገው። ይቅርታውን ሳልጠይቅ ኮቴን እንደለበስኩ ወደ ስብሰባው ሄድኩ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስሜ ሲጠራ ወጥቼ ከጓድ ተካልኝ ጠረጴዛ ጎን ቆምኩ።

"ጓዶች" አልኩ፣ "ያን ዕለት ያየሁት ቅጠል ነው። ቅጠልን ያለ በቂ ማስረጃ ጠርጥሬአለሁ። ወደ ጎን ሄደ ብያለሁ፤ ወደ የትም አልሄደም። ንቃቴ ከልክ አልፎ..."

ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ዓይን ከፊቴ ወርዶ አንገቴ ላይ ቆመ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ኮሌታዬ ላይ አንድ አረንጓዴ ቅጠል ተለጥፏል። እያየሁት ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደ።

"ኮሌታህ ላይ ያለው ምንድነው?" አሉ ጓድ ተካልኝ።

"ቅ... ቅጠል።"

"ይሄዳል እኮ!"

ከኋላ ሰው ሲነሳ ወንበር ተንቋቋ። ጋሽ ጌታሁን ናቸው። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ይህን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ መሰለኝ።

"ሁለተኛ ምስክር ነኝ" አሉ። "በመርፌ ቀዳዳ ክር የማስገባ ሰው ነኝና ዓይኔን ማንም አይጠራጠር። ያን ዕለትም ያየሁት ቅጠል ነው፣ አሁንም የማየው ቅጠል ነው። የሚሄድ የሚመስለው ልጁ ስለሚንቀጠቀጥ ነው።"

መንቀጥቀጤስ እውነት ነበር። ይሄኔ ቅጠሉ ከኮሌታዬ ተስፈንጥሮ የተከፈተው ቃለ ጉባኤ ላይ ዱብ አለ። ጓድ ተካልኝ ቆባቸውን አውልቀው ከደኑበት። የቆቡን ጠርዝ ትንሽ ገለጥ አድርገው አዩ፣ መልሰው ከደኑ፣ ቀና ብለው ደግሞ ሕዝቡን አዩት። ሰው ሁሉ ፊት ላይ አንድም ነገር አይነበብም።

"ጉባኤው ምን ይላል?" አሉ በመጨረሻ።

"ቅጠል ነው!" አለ አዳራሹ ባንድ አፍ።

"ቅጠል መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ጻፍ" አሉ ጸሐፊውን። "ዛፉም ባለበት ይቆይ።" ቆባቸውን መልሰው ሲያጠልቁ ቅጠሉ ከቆቡ ጎን ተለጥፎ አብሯቸው ወጣ። ማንም አልነገራቸውም።

ስወጣ እትዬ ዘሪቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ይቅርታዬን ልጀምር ስል "ዙር" አሉኝ። ዞርኩ። ከኮቴ ጀርባ በሁለት ጣታቸው አንድ ነገር አነሱ፣ ቀጥለው ሁለተኛ፣ ቀጥለው ሦስተኛ፤ መዳፋቸው ላይ አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኗቸው።

"ከገባህ ጀምሮ እዚሁ ነበሩ" አሉኝ። "ከኋላህ የተቀመጥነው ሁሉ ሲሄዱ ሲመጡ እያየናቸው ነበር።"

"ሁሉም አይቷል? ታዲያ እንዴት አንድ ሰው እንኳ አልተናገረም?"

እትዬ ዘሪቱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ዛፋቸው መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዞር ብለው አዩኝ።

"ሰው ሁሉ እንዳንተ ይመስልሃል፣ ልጄ?"